ኮንትሮባንዲስቱን የወለደው አዋጅ

አንድ የምንወዳት ቃል አለችን፤ «ይታገድ!» ሺሻ ቤት በዛ? ይታገድ። የውርርድ ቤት ወጣቱን አከሰረው? ይታገድ። የሰፈሩ ግሮሰሪ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ እንቅልፍ ነሳን? እሱማ ከነባለቤቱ ይታገድ! ቃሏ አጭር ናት፤ ለመናገር አምስት ሳንቲም አታስወጣም፤ ተናጋሪውን ደግሞ ጨዋ ታስመስለዋለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ደፈር ያሉት አንድ እርምጃ ይቀጥላሉ። ግሮሰሪው ብቻ ለምን? መጠጥ የሚባል ነገር ጭራሹን ከአገር ቢጠፋስ? ትውልዱ ይድናል፣ ትዳር ይሰምራል፣ አስፓልት ላይ የሚፈሰው ደም ይደርቃል… ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን ይህ ምኞት ምኞት ሆኖ አልቀረም። ተሞክሯል። የሞከረውም ገንዘብ፣ ፖሊስ፣ መርከብና ፍርድ ቤት ያልጎደለው አገር ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 (እዚህ ጽሑፍ ላይ «ዓ.ም» ካልተባለ በቀር ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) አልኮልን በሕገ መንግሥት አግዳ አይታዋለች። ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ደረሰኙም አለ። ዛሬ ደረሰኙን አብረን እናንብበው።

አቋሜን ቀድሜ ላስቀምጥ። እገዳው መጠጥን አላጠፋም፤ ፈቃድ ካለው ነጋዴ እጅ ነጥቆ ለኮንትሮባንዲስቱ አስረከበው። ለሀብታሙ የዋጋ ጭማሪ ሆነበት፤ ለድሃው ግን እስር፣ ሽባነትና ሞት ሆነበት። ይህ ደግሞ «አፈጻጸም ላይ የታየ ክፍተት» አይደለም። የእገዳው ተፈጥሮ ነው።

አጋጆቹ ሞኞች አልነበሩም

በመጀመሪያ ለአጋጆቹ ፍትሕ እንስጣቸው። ፊልም ላይ ሁሌም ፊታቸውን ያጠቆሩ፣ የሰው ደስታ የሚያንገበግባቸው አሮጊቶች ተደርገው ነው የሚሳሉት። ውሸት ነው። በ1874 የተመሠረተው የክርስቲያን ሴቶች ፀረ መጠጥ ማኅበር አባላት የሚያወሩት ቤታቸው የሚያውቁትን ጉድ ነበር። ባል የሳምንት ደሞዙን መጠጥ ቤት ጨርሶ ባዶ ኪሱንና ቡጢውን ይዞ ይመጣል። ሚስት በአብዛኛው አገር የመምረጥ መብት የላትም፤ ፍቺው ከባድ ነው፤ የሚያስጠጋት ሕግም የለም። እንዲህ ያለች ሴት «መጠጥ ቤቱ ይዘጋ!» ብትል ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድባትም።

የእሷን እንባ ወደ ድምፅ የቀየረው ግን ሌላ ነው፤ የፀረ መጠጥ ቤት ሊግ የሚባለው ድርጅትና ዋነኛ ስልተኛው ዌይን ዊለር። ዊለር ፖለቲከኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠጣ አይጠጣ ግድ አልነበረውም። የሚፈልገው ምክር ቤት ገብቶ እጁን ለእገዳው እንዲያወጣ ብቻ ነው። ካላወጣ በሚቀጥለው ምርጫ ይጥለዋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ዕድል ተከፈተ። የአሜሪካ ትልልቅ ቢራ ጠማቂዎች አብዛኞቹ የጀርመን ስም ያላቸው ነበሩ፤ እህል ደግሞ ለሠራዊቱ ያስፈልጋል። ቢራ መጠጣት ከጠላት ጋር መወገን መሰለ። የገቢ ግብር በ1913 ስለመጣም መንግሥት ከመጠጥ ቀረጥ ውጪ የሚኖርበት ሌላ ኪስ አግኝቶ ነበር።

በጥር 1919 አሥራ ስምንተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ። ማስፈጸሚያው የቮልስቴድ ሕግ በጥቅምት ወጣ፤ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ውድቅ ቢያደርገውም ምክር ቤቱ ሽሮበት አጸደቀው። ከግማሽ በመቶ በላይ አልኮል ያለበት መጠጥ ሁሉ «አስካሪ» ተባለ፤ ቢራም ቀላል ወይንም ሳይቀር። ብዙ ሰው የታገደው ውስኪ ብቻ መስሎት ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው። ጥር 17 ቀን 1920 እገዳው ሥራ ጀመረ።

አሁን አንዲት ነገር ልብ በሉልኝ። ሕጉ መጥመቅን፣ መሸጥን፣ ማጓጓዝን፣ ማስገባትንና ማስወጣትን ከለከለ። መጠጣትን ግን አልከለከለም! ከጥር 17 በፊት የገዛኸው ቤትህ ካለ ያንተ ነው፤ ከወዳጆችህ ጋር በጤና ጠጣው። እስኪ ንገሩኝ፣ ለዓመታት የሚበቃ ውስኪና ወይን በአንድ ጊዜ ገዝቶ ምድር ቤት መደርደር የሚችለው ማነው? የፋብሪካ ሠራተኛው? እሱ ቢራውን የሚገዛው የዛሬውን ዛሬ ነው፤ መደብ የሚለየው ገና ከአዋጁ አንቀጽ ይጀምራል።

ባሕር ላይ የተከፈተው ግሮሰሪ

አሁን ወደ ኮንትሮባንዱ እንግባ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ያስቃል።

የአሜሪካ የባሕር ክልል ያኔ ከጠረፍ ሦስት ማይል ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ የማንም ነው። እናም መርከቦች ከባሃማስ ናሳው ወደብ ውስኪና ሮም ጭነው ይመጡና ከኒውዮርክና ከኒው ጀርሲ ፊት ለፊት፣ ከሦስቱ ማይል ትንሽ ወጣ ብለው መልሕቅ ይጥላሉ። አልሸሸጉም፤ አልሮጡም። ቁጭ አሉ! ሰልፉ «የሮም ረድፍ» የሚል ስም ወጣለት። ማታ ማታ ከባሕር ዳር ፈጣን ጀልባዎች ይወጣሉ፤ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ ጭነው፣ በጨለማ ይመለሳሉ። ባሕር ላይ የቆመ ግሮሰሪ በሉት።

በ1924 አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ተስማምታ መስመሩን ወደ አሥራ ሁለት ማይል ገደማ ገፋችው። ውጤቱስ? ትንንሾቹ ጀልባዎች ከጨዋታ ወጡ። የተሻለ ሞተር፣ የተሻለ ገንዘብና የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ቀሩ። ይህን ነገር ያዙት፤ ቁጥጥር ሲጠብቅ ከገበያ የሚወጣው ደካማው ኮንትሮባንዲስት ነው፤ ጨካኙና ሀብታሙ ይበልጥ ይወፍራል።

ከረድፉ ስመ ጥሩ ቢል ማኮይ ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ ጀልባ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። መጠጡን በውሃ ሳይቀጥን፣ ሳይከልስ በመሸጥ ታወቀ። ጠርሙሶቹን በእንጨት ሳጥን ፋንታ ስድስት ስድስቱን በገለባ አስሮ በጆንያ ሰፋቸው፤ ቦታ አይፈጁም፣ ለመወርወርም ይመቻሉ። በ1923 ኅዳር የጠረፍ ጠባቂ መርከብ ያዘችውና ታሰረ። ሰዎች ማኮይን «ሐቀኛው ኮንትሮባንዲስት» እያሉ ያወድሱታል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ያልተከለሰ ጠርሙስ መሸጥ ብርቅ ሆኖ ስም የሚያስወጣበት ገበያ ምን ዓይነት ገበያ ነው? የቀሩት ምን እየሸጡ ነበር ማለት ነው?

በሰሜን በኩልም ያው ነው። በዲትሮይትና በካናዳዋ ዊንዘር መካከል ያለው ወንዝ ከአንድ ማይል አይሰፋም። ካናዳ ውስጥ ውስኪ ጠምቆ ወደ ውጭ መላክ ሕጋዊ ነው። ስለዚህ ትንሽዬዋ ጀልባ ወደ ኩባ እሄዳለሁ ብላ ወረቀቷን ታስሞላና በዚያው ቀን ተመልሳ ትመጣለች፤ ወረቀት መቺው ምንም አይልም። ክረምት ወንዙ በረዶ ሲሆን ደግሞ መኪና ይነዳበታል። ከካናዳ ጠረፍ አጠገብ ባለችው የፈረንሳይ ደሴት በሴን ፒየር ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሰቅሎ የውስኪ ሳጥን ተሸካሚ ሆነ፤ ከባዶ ሳጥኖቹም ቤት ተሠራ።

በዚህ ሁሉ ትርምስ መሃል ቢራ የት ሄደ? ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ አይሰማም፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ኮንትሮባንድ የሚሸከመው ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣውን ነው። አንድ ጆንያ ቢራና አንድ ጆንያ ውስኪ እኩል ያስይዛሉ፤ እኩል አይሸጡም። ስለዚህ በእገዳው ዘመን ቢራ ተወደደ፣ አነሰ፤ ጠንካራው መጠጥ ነገሠ። ማታ ሁለት ቢራ ይጠጣ የነበረው ሰው ወደ ጂን ተገፋ። ለመግራት የወጣው ሕግ ጠጪውን ወደ ከፋው ጠርሙስ ነዳው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ ይሄኛው እንቦጭ ብቻ አይደለም፤ የወቃጩን ዓይን ያጠፋል።

ሲሾም ያልበላ

ያን ሁሉ ጠረፍና ከተማ እንዲጠብቁ መጀመሪያ የተቀጠሩት የፌደራል እገዳ አስፈጻሚዎች 1,500 ገደማ ነበሩ። ደሞዛቸው ትንሽ፤ ቅጥራቸው እንደ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ በፈተና ሳይሆን በፖለቲከኛ ምክር ነው። በአንድ እጁ ትንሽ ደሞዝ፣ በሌላው እጁ አንድ ሌሊት ዓይኑን ቢጨፍን የሚያገኘውን ጉቦ የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እነሱም በእንግሊዝኛ ሳያውቁት አልቀሩም።

የሲያትሉን ሮይ ኦልምስቴድን ተመልከቱ። የፖሊስ መቶ አለቃ ነበር። በ1920 መጠጥ ሲያስገባ ተይዞ ከሥራ ተባረረ። ተባረረና ምን ሆነ? የሙሉ ጊዜ ኮንትሮባንዲስት ሆነ፤ የአካባቢው ትልቁ! ከካናዳ በመርከብ ያስገባል፤ የቀድሞ ባልደረቦቹም በጎ ፈቃዳቸው አልተለየውም። የፌደራል ሰዎች የያዙት ስልኩን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠልፈው ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1928 በአምስት ለአራት ድምፅ «ሽቦው ከቤት ውጪ እስከሆነ ድረስ ስልክ መጥለፍ ብርበራ አይደለም» የሚል ትርጉም ያለው ውሳኔ ወጣ። ይህ አቋም እስከ 1967 ድረስ አልተሻረም። ገባችሁ? ውስኪ ለመያዝ ተብሎ የተከፈተው ጆሮ ውስኪው ከተፈቀደ በኋላ ለ34 ዓመት ሳይዘጋ ቆየ። እገዳ ይዞት የሚመጣው ሥልጣን እገዳው ሲሄድ አብሮት አይሄድም።

ምክር ቤቱስ? ጆርጅ ካሲዲ የሚባል የጦርነት ዘማች እገዳው በጸናበት አሥር ዓመት ገደማ ሙሉ ለአሜሪካ ምክር ቤት አባላት መጠጥ ሲያቀርብ ኖሯል። ከምክር ቤቱ ሕንጻ ውስጥ ሆኖ! በ1930 ራሱ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ጉዱን ዘረዘረው፤ በእሱ ግምት ከአምስቱ የሕዝብ ተወካይ አራቱ ይጠጣሉ። ቀን ላይ ቅጣት ለማክበድ እጅ ያወጣሉ፤ ማታ የካሲዲን ቦርሳ ይከፍታሉ። ቅጣቱም ከብዷል፤ በ1929 የወጣው የጆንስ ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋት እንኳ እስከ አምስት ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ፈቀደ።

ለቸርችል ማዘዣ፣ ለእናት ዕድሜ ልክ

ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ላቁምላችሁ።

አንደኛው ዊንስተን ቸርችል ነው። በታኅሣሥ 1931 ኒውዮርክ ውስጥ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ሐኪሙ ወረቀት ጻፈለት፤ ለማገገሚያው አልኮል ያስፈልገዋል፣ በተለይ ከምግብ ጋር፣ መጠኑ ያልተወሰነ፣ ቢያንስ ግን 250 ሲሲ። አልቀለድኩም፤ «ቢያንስ» ነው የሚለው! ይህ ሕጋዊ ነበር። የቮልስቴድ ሕግ ሐኪም ውስኪ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ለሐኪሙም ለመድኃኒት ቤቱም መክፈል የቻለ ሰው በአገር አሜሪካ ድንገት ሕመምተኛ ሆነ።

ሁለተኛዋ ሚሺጋን ግዛት ላንሲንግ ከተማ የምትኖር የአሥር ልጆች እናት ናት። በ1928 መጨረሻ ትንሽ መጠጥ ስትሸጥ ተያዘች። አራተኛዋ ስለነበር በግዛቱ የደጋጋሚ ወንጀለኞች ሕግ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ዕድሜ ልክ! በኋላ አገር ሲንጫጫ ሕጉም ተለወጠ፣ ፍርዱም ተቀነሰላት። ግን ፍርዱ ተፈርዶ ነበር። አንዱ አገር፣ አንዱ እገዳ፣ አንዱ ፈሳሽ። ልዩነቱ ኪስና ስም ነው።

በሁለቱ መሃል ደግሞ ስደተኛው አለ። ቤቱ ወይን የሚጠምቀው ጣሊያናዊ ማዕድን ቆፋሪ፣ ካቶሊኩ፣ ጥቁሩ። በ1923 እና 1924 በኢሊኖይ ግዛት ዊሊያምሰን አውራጃ ኩ ክላክስ ክላን ራሱን የሕግ አስከባሪ አድርጎ፣ የፌደራል ሹመት ጭምር ይዞ፣ የስደተኞችን ቤት እየሰበረ ገብቷል። መጠጥ ፍለጋ ነው ሰበቡ። ያየው ሁሉ የሚያውቀው ግን የሚፈለገው ጠርሙሱ እንዳልነበር ነው፤ ሰውዬው ነው። እገዳ ለጥላቻ የቤት መበርበሪያ ወረቀት ሰጠው።

መንግሥት የጨመረው መርዝ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ፋብሪካ አልኮል ይፈልጋል፤ ለቀለም፣ ለሽቶ፣ ለመድኃኒት። ስለዚህ የኢንዱስትሪ አልኮል አልታገደም። እንዳይጠጣ ግን መራራ ነገርና መርዝ ይጨመርበታል። ኮንትሮባንዲስቱ ይሰርቀዋል፤ ኬሚስት ቀጥሮ ያጣራዋል፤ ቀለም ጨምሮ «ውስኪ» ይለዋል። መንግሥት ይህን ሲያይ ምን አደረገ? በ1926 መጨረሻ መርዙን ከፍ ለማድረግ ወሰነ፤ በተለይ ሜታኖሉን። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ከዚያ ይገድላል፤ አጣርቶ ለመለየትም አስቸጋሪ ነው።

በዚያው የገና ሰሞን የኒውዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል በተመረዙ ሰዎች ተጨናነቀ፤ ብዙዎች ሞቱ። የከተማዋ ዋና የአስከሬን መርማሪ ዶክተር ቻርልስ ኖሪስ ዝም አላለም። መንግሥት ሰው እንደሚጠጣው እያወቀ መርዝ እየጨመረ ነው ብሎ በአደባባይ ከሰሰ። አንድ ነገርም አከለ፤ የሚሞተው ጥሩውን መግዛት ያልቻለው ድሃ ነው። ዊለርስ ምን መለሰ? የታገደ ነገር የጠጣ ሰው አውቆ ራሱን አጥፍቷል፣ መንግሥት የሚጠጣ አልኮል የማቅረብ ግዴታ የለበትም አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

በ1930 ደግሞ ሌላ መጣ። የዝንጅብል መድኃኒት ተብሎ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጥ አልኮል የበዛበት ፈሳሽ ነበር፤ የድሃ ውስኪ። ቁጥጥሩን ለማታለል ሲሉ ሻጮቹ አንድ የፋብሪካ ኬሚካል ቀላቀሉበት። ኬሚካሉ ነርቭ ይበላል። በደቡብና በመካከለኛው ምዕራብ አሥር ሺዎች እግራቸው ሰለለ። ከቸርችል ሐኪም ዘንድ መድረስ ያልቻሉ ሰዎች ናቸው።

«ግን እኮ መጠጡ ቀንሷል!»

አዎ፣ ቀንሷል። ይህን የሚክድ ተከራካሪ ካያችሁ አትመኑት። አጥኚዎች ከጉበት በሽታና ከመሳሰሉት ተነስተው ሲገምቱ፣ እገዳው እንደጀመረ ፍጆታው ከቀድሞው ወደ 30 በመቶ ገደማ ወርዷል። በኋላ ግን ወደ 60 እና 70 በመቶ ተመልሷል። የጉበት በሽታ ሞትም ቀንሷል። ደቡብ አፍሪካም በ2020 በኮሮና ጊዜ የመጠጥ ሽያጭን ደጋግማ ስታግድ የሆስፒታሎቿ የአደጋ ክፍሎች ቀለል ብሏቸዋል። እውነት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም» አይደለም። «ቅነሳውን ማን ከፈለበት? በሌላ መንገድስ አይገኝም ነበር ወይ?» ነው። ለጥቂት ሳምንት ሐኪም ፋታ እንዲያገኝ በር መዝጋትና አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ገበያን ለወንበዴ መስጠት አንድ አይደሉም። ፍጆታ በቀረጥ፣ በሰዓት ገደብ፣ በዕድሜ ገደብ፣ በፈቃድም ይቀንሳል። እነዚህ ሁሉ ሜታኖል አይጠይቁም፤ እናትን ዕድሜ ልክ አያስሩም።

ሴቶቹስ? እገዳውን ያመጡት ሴቶች ናቸው ይባላል። እገዳውን ካስወገዱትም ግንባር ቀደሞቹ ሴቶች ናቸው። ፖውሊን ሴቢን በ1929 የመሠረተችው የሴቶች ማኅበር ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት አፈራ። መከራከሪያቸው የድሮዎቹ እናቶች መከራከሪያ ነው፤ ልጆቻችን! ልጆቻችን ሕግ መጣስን እንደ ጨዋታ እያዩ እያደጉ ነው አሉ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ዩታ ሠላሳ ስድስተኛዋ ግዛት ሆና ድምፅ ስትሰጥ ሃያ አንደኛው ማሻሻያ ጸደቀና እገዳው ተሰረዘ። በአሜሪካ ታሪክ አንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሌላ ማሻሻያ የተሻረው ያኔ ብቻ ነው።

ለካፖን አድናቂዎችም አንድ ቃል

በሌላ ወገን ያላችሁትን ወዳጆቼንም አልምራችሁም። ግድግዳችሁ ላይ አል ካፖንን የለጠፋችሁ፣ ኮፍያውንና ሲጋራውን የወደዳችሁለት… ሰውዬው የሕዝብ ጥም ያረካ ጀግና አይደለም። ፍርድ ቤት የማይዳኘው ገበያ ውስጥ ክርክር የሚፈታው በጥይት ነው። የካቲት 14 ቀን 1929 ቺካጎ ውስጥ ሰባት ሰዎች ግድግዳ ስር ቆመው ተረሽነዋል። ካፖን በ1931 አሥራ አንድ ዓመት ሲፈረድበት የተያዘው ግብር ባለመክፈል ነው። በግድያ አይደለም፤ በመጠጥም አይደለም። እገዳው የራሱን ልጅ እንኳ በራሱ ስም መክሰስ አቃተው። ቢራ ጠማቂው ተወዳዳሪውን በጥይት አይመታም፤ ፍርድ ቤት ይከሰዋል፤ ማስታወቂያ ይሠራበታል። አሰልቺ ነው አይደል? እንዲህ አሰልቺ የሆነ ገበያ ነው ሰው የማይሞትበት።

ይህ የሩቅ ታሪክ ነው ላላችሁ

በነሐሴ 2025 ኩዌት ውስጥ በሜታኖል የተመረዘ መጠጥ 23 ሰው ገደለ፤ 160 ያህል ሰው ሆስፒታል ገባ፤ ዓይናቸው የጠፋ፣ ኩላሊታቸው የደከመ አሉ። ኩዌት አልኮል የታገደባት አገር ናት። ተጎጂዎቹ እነማን ናቸው? ከእስያ ለሥራ የመጡ ስደተኞች። ፖሊስም 67 ሰው ያዘ። ከቤልቪው ሆስፒታል አንድ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ያው መርዝ፣ ያው ድሃ።

ሳዑዲ አረቢያ መጠጥን ያገደችው በ1952 ነው። በጥር 2024 ግን ሪያድ ውስጥ ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች የመጠጥ መሸጫ እንደሚከፈት ተሰማ፤ ተከፈተም። አምባሳደሩ በስልኩ ተመዝግቦ ኮታውን ይገዛል። ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ግን በዚያው አገር አረቄ አወጣችሁ፣ ሸጣችሁ ተብለው በየእስር ቤቱ ይገባሉ። አደባባይ የማይወጣ ሕመም ስለሆነ እናፍርበታለን፤ «ሥራቸው ያውጣቸው» እንላለን። እኔ አረቄ ንግዱን አላሞግስም። ነገር ግን አንዱን በኮታ፣ ሌላውን በካቴና የሚያስተናግድ ሕግ የሥነ ምግባር ሕግ ነው ብላችሁ አትንገሩኝ።

አገር ቤትም እንምጣ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ከለከለ። እኔ ደግፌዋለሁ፤ አሁንም እደግፈዋለሁ። ሕፃን በእራት ሰዓት ቢራ እንዳይሰበክለት ማድረግ እገዳ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። በ2015 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ ብሎ 38 ዓይነት ሸቀጦች በባንክ ምንዛሪ እንዳይገቡ አገደ፤ የውጭ መጠጥም አብሮ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም ቆየ። በዚያ ጊዜ ሰርግ ሄዳችሁ ነበር? ጠረጴዛው ላይ ያለው ጠርሙስ በየት በኩል የገባ መሰላችሁ?

ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ተነስቶ ሙሉ እገዳ ቢያውጅ የቦሌው ሰው ቁም ሳጥኑን ይሞላል፤ ትንሽ ይወደድበታል፣ በቃ። የምትታሰረው ጓዳዋ ውስጥ ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ልጅ የምታስተምረው ሴት ናት። የሚታወረው ጠጥቶ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ነው። የሚከብረው ደግሞ ኬላ ላይ የሚተዋወቅ ሰው ያለው ነው። ስሙን አታውቁትም፤ ግን ዛሬም አለ፤ አዋጁን እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ «ይታገድ!» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ መልሱልኝ። ከታገደ በኋላ ማን ይሸጠዋል? ማን ይታሰርበታል? ጠርሙሱ ውስጥ ያለውንስ ማን ይመረምረዋል? ሦስቱንም ያለ ማፈር መመለስ ከቻላችሁ እሺ፣ እንነጋገር። ካልቻላችሁ ግን የምትጠይቁት የመጠጥ እገዳ አይደለም፤ ለኮንትሮባንዲስቱ የንግድ ፈቃድ ነው።